ፀሐይዋን ቅደማት

ይድረስ ለወንድሜ፣

እንደምን ከረምክ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። መጀመሪያ ዝም ያለው ማን ነው የሚለውን ክርክር በአካል እስክንገናኝ እናቆየው። ቡና እየጠጣን እንጨቃጨቅበታለን። እዚህ ኢንተርኔቱ ሲጠፋ ሲመጣ፣ አንተም እዚያ ኑሮ ስትገፋ ጊዜው ነጎደ።

የላክህልኝ ፎቶ ደርሶኛል። አሜሪካ፣ ሜይን ግዛት የባሕር ጠረፍ ላይ ያለው ፖርትላንድ ሄድ ላይት የሚሉት የመርከብ መሪ መብራት ማማ፣ ፀሐይ ስትወጣ። መብራቱ መጀመሪያ የበራው እ.ኤ.አ. በ1791 ነው ብለህ ተኩራርተህብኛል። በእሱስ ተወው! አፄ ፋሲል ጎንደርን የቆረቆሩት እ.ኤ.አ. በ1636 ነው። ማማህ ገና ልጅ ነው።

ፎቶውን ግን እንደ ድሮው ሳልሸፋፍን ልንገርህ። አልወደድኩትም። ያነሳኸው ፀሐይዋን እንጂ ማማውን አይደለም። ከየብስ በኩል ቆመህ ወደ ባሕር ስላየህ ነጩ ግንብ የከሰለ እንጨት መስሏል። እንዲህ ያለ ፎቶ ብዙ ላይክ ያመጣ ይሆናል፤ ግን ግንቡ ራሱ የለበትም። በታኅሣሥና በጥር ፀሐይዋ ወደ ደቡብ ምሥራቅ ስለምታደላ ከማማው በስተ ደቡብ ሂድና ወደ ሰሜን አንሳ። በሰኔ ገልብጠው፤ ከሰሜን ቁም። ያኔ ብርሃኑ በጎን መጥቶ ግንቡን ይነካዋል።

ደግሞ ቀድመህ ድረስ። ዋናው ነገር ይኼ ነው። የማማው መብራት በየ4 ሰከንዱ ብልጭ ይላል። ካሜራህን ትራይፖድ ላይ አስረህ፣ አይኤስኦውን (የካሜራውን የብርሃን ትብነት) 100 ላይ አድርገህ፣ ሹተሩን 4 ሰከንድ ክፍት ብትተወው ብልጭታው አያመልጥህም። ሰማዩ ገና ሰማያዊ ሳለ መብራቱም ሰማዩም አብረው ይወጣሉ። ፀሐይ ከወጣች በኋላ መብራቱ ቢኖርም ባይኖርም ለውጥ የለውም።

እናንተ ጋ ለዚህ ፋታ አለ። እኛ ጋ ጎህ ይሮጣል። ከጭለማው ወደ ቀኑ በጥድፊያ ነው የምንሻገረው። በሌላ በኩል ደግሞ እኛ እናንተን እንበልጣለን፤ ጎንደር ላይ ፀሐይ በሰኔ 12 ሰዓት ገደማ፣ በጥር አምስት ጉዳይ ለአንድ ገደማ ትወጣለች፤ ልዩነቱ አንድ ሰዓት አይሞላም። አንተ ግን በሰኔ ከሌሊቱ 11 ሰዓት በፊት ልትነሳ ነው። አይ ስደት!

እኔ አሁን ፋሲል ግንብን ከጎሃ ኮረብታ ላይ ነው የማነሳው። የግቢው በር የሚከፈተው ፀሐይ ከወጣች በኋላ ስለሆነ፣ ንጋቱን ከውስጥ ማንሳት የማይታሰብ ነው። ከጎሃ ግን ከተማዋ በስተ ደቡብ ከታችህ ተዘርግታለች፤ ብርሃኑም ከግራ ይመጣል። ረጅም ሌንስ ያስፈልጋል። መጀመሪያ የሚነካው አራቱን የማዕዘን ጉልላቶች ነው። ከዚያ ወደ ግድግዳው ይወርዳል። ጥቁሩ ድንጋይ ቡናማ ይሆንና፣ የመስኮቶቹ ዙሪያ ቀይ ድንጋይ ብቻውን ይለያል። ያን ቀይ በቀትር ብትፈልገው አታገኘውም፤ አናት ላይ ያለች ፀሐይ ሁሉንም አንድ ዓይነት ታደርገዋለች። ጊዜው ጥቅምትና ኅዳር ነው፤ ዝናቡ አየሩን አጥቦት ይሄዳል። መጋቢት ላይ አቧራና ጭስ ስለሚጋርደው ሌንስህ የፈለገው ቢሆን አይረዳህም።

የቱሪስት ካርዶቹ ሰማዩን ብርቱካን ቀለም ይቀቡታል። አንተም ያን ማጣሪያ የተጠቀምክ መሰለኝ። እባክህ ተወው። ያልተነካካውን ፋይል ላክልኝና እዚህ እኔ ላስተካክለው።

እናትህን ፒያሳ አግኝቻቸው ነበር። ደህና ናቸው። ስልክ ደውልላቸው እንጂ፣ እኔን ነው የሚጠይቁኝ።

ለጥምቀት ትመጣለህ የሚል ወሬ ሰምቻለሁ። እውነት ከሆነ ለፋሲል መዋኛ ንጋት ሰፊ ሌንስህን ይዘህ ና፤ የእኔ አይበቃም። ውኃው ተባርኮ ወጣቶቹ ሲዘሉ ቦታ የሚገኘው ሌሊቱን እዚያው ላደረ ሰው ብቻ ነው። ማረፊያ እንዳትይዝ፤ ያን ሰሞን አልጋ በዋጋም አይገኝም፣ ቤቴ አለልህ። የምትመጣበትን ቀን ብቻ ቀደም ብለህ ጻፍልኝ።

ወንድምህ፣ ከጎንደር