ከአውሮፕላን ማረፊያው ወደ ከተማ የሚወስደው ሚኒባስ ታሪፍ ይለጠፍልን

ለተከበሩ የጋዜጣው አዘጋጅ፣

ከአፄ ቴዎድሮስ አውሮፕላን ማረፊያ ተነስቶ በአዘዞ በኩል ጎንደር ፒያሳ የሚደርሰው መንገድ ረጅም አይደለም፤ ሆኖም ሻንጣ ለያዘ መንገደኛ ሒሳቡ ረዳቱ በዚያች ሰዓት የጠራው ነው። በቅርቡ ከእናቴ ጋር ከአዲስ አበባ ስንመለስ፣ «በሰው ነው፣ ግቡ» ብሎ ያሳፈረን ረዳት፣ እናቴ በነጠላዋ ጫፍ የቋጠረችውን ብር መፍታት ስትጀምር፣ «ሻንጣው ለብቻው ይከፈልበታል፣ አለዚያ ኮንትራት ነው» አለን። እኛስ በቋንቋችን ተከራከርን፤ አጠገባችን የነበረው የውጭ አገር እንግዳ ግን ምን እንደተባለ ሳይገባው ከሁላችንም አብልጦ ከፍሎ ወረደ። እኔን ያንገበገበኝ ይህ ነው፤ በ1979 እ.ኤ.አ. በዓለም ቅርስነት የተመዘገበውን የፋሲል ግንብ ለማየት የመጣ ሰው ከከተማችን ጋር የሚተዋወቀው በዚያች ሚኒባስ ውስጥ ነውና።

ሾፌሮቹ ወንበሩ እስኪሞላ ቆመው እንደሚጠብቁ፣ ባዶ መመለስም እንደሚጎዳቸው አውቃለሁ። ስለዚህ ዋጋ ይቀነስ አላልኩም። የሚመለከተው ክፍል በሰው፣ በሻንጣና በኮንትራት የሚከፈለውን ለይቶ፣ በአማርኛና በእንግሊዝኛ፣ በመውጫው በር ላይ በጉልህ ይለጥፍልን፤ ይህም እንግዳ ከሚበዛበት ከጥር 11ዱ የጥምቀት በዓል በፊት እንዲሆን በአክብሮት እጠይቃለሁ።

የጎንደር ነዋሪ