ለልጄ፣ "ላስብበት" ብሎሽ ስለጠፋው ሰውዬ

ልጄ እንደምን አለሽ፣ እኛ ደህና ነን። ትናንት ስልክ ላይ "አባዬ በዚህ ወር ብቻ ሰባተኛው ሰው እምቢ አለኝ" ብለሽ ስትስቂ ሳቁ ከአንገት በላይ እንደሆነ ገብቶኛል፣ ግን የምለው ጠፋኝና ስለ ዝናቡ ስቀባጥር ስልኩ ተዘጋ። ለዛ ነው የምጽፍልሽ።

በመጀመሪያ ጥፋቴን ልናዘዝ። የመጀመሪያው እምቢ ባይሽ እኔ ነኝ። ስራሽን ለቀሽ ኮቺንግ ልጀምር ስትዪኝ "ሰው ደሞ ለወሬ ይከፍላል እንዴ?" አላልኩሽም? ኮች ሲባል የኳስ አሰልጣኝ ነበር የሚመጣብኝ። ምክር መስጠት ሳይሆን ሰውየው መልሱን ራሱ እንዲያገኘው እየጠየቁ ማገዝ ነው ብለሽ ስንቴ አስረዳሽኝ፣ እውነቱን ልንገርሽ አሁንም ግማሹ ነው የገባኝ። እና እኔ የወለድኩሽ ይሄን ያህል ከቆየሁ የማያውቅሽ ሰው በ30 ደቂቃ ነጻ ኮል ሁሉም ገብቶት ወዲያው እንዲከፍል መጠበቅ ትንሽ አይበዛም?

እኔ ኢንሹራንስ ስሸጥ እምቢ የሚሉት ወረቀቱን ነበር። ያንቺ ይለያል፣ የምትሸጪው ራስሽን ስለሚመስልሽ እምቢታውም አንቺ ላይ የመጣ ይመስልሻል። ህመሙ ደሞ ውሸት አይደለም፣ በፈረንጆቹ 2003 ላይ ተመራማሪዎች ሰውን ከኮምፒውተር የኳስ ጨዋታ ሲያገሉት አካል ሲታመም የሚነቃው የአንጎል ክፍል ሲነቃ አይተዋል፣ ለጨዋታ እንኳን እንደዛ ከሆነ ለእንጀራሽማ እንዴት አያምሽ።

ግን ስለዛ ሰውዬ የነገርሽኝን ሳስበው አንቺን የጠላሽ አልመስልህ አለኝ። ለሚስቱ ያልነገረውን ነገረኝ፣ አንድ ሰአት ሙሉ አወራን፣ ሲጨርስ ቀለለኝ አለ፣ ከዛ ጠፋ አላልሽም? እኔን ከጠየቅሽኝ ወይ በማግስቱ አፍሮ ነው፣ ወይ ደሞ ቀለለኝ ያለው እውነት ሆኖ ችግሩ ያለቀ መስሎት ነው። በነጻው ኮል ሙሉ ኮቺንግ ሰጥተሽው ለምን ይክፈል? እዛ ላይ ምን እንደሚፈልግ ስሚው፣ ስራሽ ምን እንደሆነና ምን እንዳልሆነ ንገሪው፣ ዋጋውን በይና ዝም በይ። ዝምታው እንደሚያስጨንቅሽ አውቃለሁ፣ ከልጅነትሽም ዝምታ አትችዪም።

"ውድ ነው" ሲሉሽ እዛው በግማሽ ያወረድሽውን ነገር ግን ተዪው። ሰውየው "ታዲያ የቅድሙ ዋጋ ምን ነበር?" ነው የሚለው። አቅም ከሌለው ክፍለ ጊዜውን አሳንሺለት እንጂ የሰአትሽን ዋጋ አትንኪ።

ደሞ ያ ልታወጪው የምትፈልጊው የኢንተርናሽናል ኮቺንግ ፌዴሬሽን ሰርተፊኬት፣ ኤሲሲ የምትዪው፣ ከ60 ሰአት ስልጠና ሌላ 100 ሰአት ኮች ማድረግ ይጠይቃል፣ ከሱ ውስጥ ቢያንስ 75ቱ የተከፈለበት መሆን አለበት ብለሽኝ ነበር። ቁጭ ብዬ አሰላሁት (ስራ የለኝም መቼም)። አንድ ሰው 12 ጊዜ አንዳንድ ሰአት ቢመጣ ለ75ቱ የተከፈለበት ሰአት ሰባት ሰው ይበቃሻል። ሰባት እምቢ ስትቆጥሪ ከርመሻል፣ የምትፈልጊውም እሺ ሰባት ነው።

ለሰውየው አንድ ሜሴጅ ላኪለት፣ አንድ ብቻ፣ "አሁን ጊዜው ካልሆነ ምንም አይደለም፣ የነገርከኝ እኔ ጋ ይቀራል፣ ስትፈልግ በሩ ክፍት ነው" በዪው። ያፈረ ሰው መመለሻ መንገድ ይፈልጋል። ከዛ ስልኩን ሌላ ክፍል አስቀምጪውና ስራሽን ስሪ፣ በየ5 ደቂቃው እያየሽው እንደሆነ ከዚህ ሆኜ ይታየኛል።

እናትሽ ሰላም ብላሻለች። እሁድ እደውላለሁ፣ ስለ ዝናቡ አላወራም።

አባትሽ