ባሮክን ከባሱ እንጀምር

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል

በተማሪዎች ገጻችሁ ላይ ስለ ባሮክ ሙዚቃ ያወጣችሁትን የቃላት መፍቻ አንብቤዋለሁ። በአማርኛ እንዲህ ያለ ነገር እንደ ልብ ስለማይገኝ ልትመሰገኑ ይገባል። ነገር ግን ባሶ ኮንቲኑዎ «ሳያቋርጥ የሚሄድ ባስ» (ባስ ዝቅተኛው የድምፅ መስመር ነው) ተብሎ በአንድ መስመር መታለፍ አልነበረበትም። በባሮክ ዘመን፣ ማለትም እ.ኤ.አ. ከ1600 እስከ 1750 ድረስ፣ አውሮፓ ውስጥ የተጻፈው ሙዚቃ አብዛኛው በእሱ ላይ የቆመ ነው። ተማሪውም ኮርድን (አብረው የሚሰሙ ኖታዎችን)፣ ኢንቨርዥንን (የኮርዱ መሠረት ያልሆነ ኖታ ባስ ላይ ሲውል)፣ ካደንስን (የሙዚቃ ሐረግ መዝጊያን) አንድ ላይ ሊማር የሚችለው እዚያው ነው።

አቀናባሪው የባሱን መስመር ብቻ ይጽፍና ኖታዎቹ ላይ ቁጥር ያኖራል። ቼሎው መስመሩን ይጫወታል። ሃርፕሲኮርድ (ፒያኖ መሰል የድሮ ኪቦርድ) ወይም ኦርጋን ላይ የተቀመጠው ደግሞ በግራ እጁ ያንኑ ባስ እየመታ፣ ቁጥሩን አይቶ ኮርዱን በቀኝ እጁ ይሞላል።

ቁጥሩ የሚቆጠረው ከባሱ ኖታ ተነስቶ ነው፤ ባሱ ራሱ 1 ይባላል። ምንም ቁጥር ከሌለ 3ኛውና 5ኛው ይጨመራሉ፤ 6 ከተጻፈ 3ኛውና 6ኛው። ብዙ ተማሪ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። በዶ ሜጀር ሚ ላይ 6 ሲያይ የስኬሉ (የድምፅ መሰላሉ) ስድስተኛ ኮርድ ይመስለውና ላ–ዶ–ሚ ይመታል። ከሚ ተነስቶ ቢቆጥር ግን ሚ፣ ፋ፣ ሶል፣ ላ፣ ሲ፣ ዶ፤ ስድስተኛዋ ዶ ናት። ኮርዱ ሚ–ሶል–ዶ፣ ማለትም የዶ ሜጀር የመጀመሪያ ኢንቨርዥን ነው። ቁጥር በሌለበት ብቻውን የተጻፈ ሻርፕ (ኖታን በግማሽ ድምፅ ከፍ የሚያደርግ ምልክት) ደግሞ 3ኛውን ይመለከታል፦ በላ ማይነር፣ ሚ ባስ ላይ ካለ ሶል ሻርፕ ይሆናል። ይህ ከተረሳ ካደንሱ ይልፈሰፈሳል።

ሁለተኛው ችግር ባሱ ከፋ ወደ ሶል ሲወጣ ቀኝ እጅም አብሮ መውጣቱ ነው። ያኔ ፋ–ዶ ወደ ሶል–ሬ ይሄድና ትይዩ አምስተኛ (በአምስተኛ የሚራራቁ ሁለት ድምፆች ርቀታቸውን ሳይለውጡ አብረው ሲሄዱ) ይፈጠራል፤ ድምፆቹ ተጣብቀው ለየብቻ መሰማታቸው ይቀራል። መፍትሔው ቀላል ነው፤ ባሱ ሲወጣ የላይኞቹ ይውረዱ፦ ላ ወደ ሶል፣ ዶ ወደ ሲ፣ ፋ ወደ ሬ።

ፒያኖ ላይ የሚለማመድ ደግሞ ፔዳሉን ይተወው። የሃርፕሲኮርድ ድምፅ ቶሎ ይከስማል፤ ፔዳል ግን ኮርዶቹን ያቀላቅላቸዋል።

ለእኛ ተማሪዎች የምጨምረው አለ። ትዝታ ሜጀር ከዶ ሲጀመር ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ ነው፤ ፋና ሲ የሉበትም። የባሮክ ካደንስ ጉልበት ያለው ግን በእነዚሁ በሁለቱ ነው፤ ሲ ወደ ዶ ትወጣለች፣ ፋ ወደ ሚ ትወርዳለች። ስለዚህ ጆሮው በዚህ ቅኝት ያደገ ተማሪ እጁን ኪቦርድ ላይ ከማሳረፉ በፊት ሁለቱን እርምጃዎች በድምፁ ይዝፈናቸው። ይህን ለመምህራንም አደራ እላለሁ።

በሚቀጥለው እትም ትርጉም ከመደርደር ይልቅ ይህችን የባስ መስመር ብታትሟት፦ ዶ፣ ሲ ከነ6፣ ዶ፣ ፋ፣ ሶል፣ ዶ። ተማሪዎቹ በቀኝ እጅ ይሙሏት፤ መልሱ በሳምንቱ ይውጣ። ሲ ባስ ላይ ሳለች በቀኝ እጅ እንዳትደገም ማስጠንቀቂያ ይጻፍላቸው፤ ሁለቱም ሲዎች ወደ ዶ ከሄዱ ትይዩ ኦክታቭ (ሁለት ድምፆች ያንኑ ኖታ ከላይና ከታች ይዘው አብረው ሲሄዱ) ይመጣል። በእሷ ፈንታ ሶል ወይም ሬ ይደገም።

ከሙዚቃ ንድፈ ሐሳብ መምህር