ውሻውን ብታባርሩት ቁንጫው ወደናንተ ነው የሚዞረው

ለተከበራችሁ የጋዜጣው አዘጋጆች፣ ጤና ይስጥልኝ።

በቅርቡ አንድ አንባቢ በዚሁ የደብዳቤ ገጽ ላይ ውሻ ያለበት የገጠር ቤት ከቁንጫና ከመዥገር አይጸዳም፣ መፍትሄው ውሻውን ከግቢ ማስወጣት ነው ብሎ የጻፈውን አንብቤ ዝም ማለት አቃተኝ። እኔም ገጠር ነው የምኖረው፣ ወለሉ አፈር፣ ግድግዳው ጭቃ፣ አየሩ ዓመቱን ሙሉ ሙቅ፣ ቁንጫ እረፍት የሚወስድበት ብርድ የሚባል ነገር የለም፣ ውሻም አለኝ። እና ጸሐፊው ያለው ምሬት ይገባኛል፣ መፍትሄው ግን ፈጽሞ አይሆንም።

ለምን በሉኝ። ውሻው ላይ ስትዘል የምናያት ትልቋ ቁንጫ ከጠቅላላው 5 በመቶ ገደማ ብትሆን ነው፣ ሌላው 95 በመቶ እንቁላል፣ እጭና በድር የተጠቀለለ ሆኖ ወለሉ ላይ ነው ያለው። አንዷ ሴት ቁንጫ በቀን እስከ 40 እና 50 እንቁላል ትጥላለች፣ እንቁላሉ ደሞ ፀጉር ላይ አይጣበቅም፣ ውሻው በሄደበት ይረግፋል በተኛበት ይከማቻል። እጯ አቧራ ውስጥ ተደብቃ የእናቶቿን ኩስ፣ ማለትም የደረቀ ደም እየበላች ታድግና ራሷን በድር ጠቅልላ ቁጭ ትላለች፣ እንደዛ ሆና ወራት ልትቆይ ትችላለች፣ ከዛ የሆነ ነገር ሲረግጥ ንዝረቱን፣ ሙቀቱን፣ ትንፋሹን ስታውቅ ብቅ ትላለች። ተዘግቶ የከረመ ቤት ስትገቡ እግራችሁን የሚወራችሁ ለዛ ነው። እና ውሻው ከሌለ የተራበችው ቁንጫ ማን ላይ የምትወጣ ይመስላችኋል?

መዥገሩም ያው ነው። ቡናማው የውሻ መዥገር የሚባለው በዕድሜው ሦስት ጊዜ ውሻ ላይ ወጥቶ ይመገባል፣ ሦስቴም ወርዶ ግድግዳ ስንጥቅ ውስጥ ይገባል። ግድግዳ ላይ ሽቅብ ሲሄድ አይታችሁ አታውቁም? ሴቷ ስንጥቁ ውስጥ በሺዎች የሚቆጠር እንቁላል ትጥላለች፣ ትልቁ መዥገር ደሞ ሳይበላ ከዓመት በላይ ሊቆይ ይችላል። ስለዚህ ውሻውን ጠዋት አጥቦ ማታ እዛው ጆንያ ላይ ማስተኛት ትርፉ ድካም ነው።

አሁን ወደ ራሴ ጥፋት ልምጣ፣ ይሄን ስጽፍ ራሱ ያሳፍረኛል። የዛሬ ሁለት ዓመት ገደማ ቁንጫው ሲያማርረኝ ማሳ ላይ የምንረጨውን የሰብል መድኃኒት በባልዲ በጥብጬ ቡቺን አጠብኩበት፣ እኔ ጎበዝ ነኝ ብዬ። ብዙም ሳይቆይ ለሃጩ ተዝረበረበ፣ መንቀጥቀጥ ጀመረ፣ የኋላ እግሩ አልቆም አለ። የእንስሳት ሐኪሙ ደርሶ አትሮፒን የሚባለውን የመርዝ ማርከሻ ባይወጋው ኖሮ ዛሬ ስለሱ አልጽፍም ነበር። እንደነገረኝ እነዚህ ኬሚካሎች በቆዳም ይገባሉ፣ ውሻው ሲልሰውም ይገባሉ፣ በባዶ እጁ ያጠበውን ሰው ራሱ ይመርዛሉ። እኔ ጓንት? የምን ጓንት! የሚያስቀው ደሞ በሁለተኛው ሳምንት ቁንጫው ተመልሶ መጣ፣ ወለሉን ማን ነካው።

ላምባና የተቃጠለ ዘይት የሚቀቡም አሉ፣ እሱም ቆዳ ያቃጥላል፣ ሲልሰው ያሳምማል፣ ባካችሁ ተዉት። ለከብት የተሰራውን አይቨርሜክቲን የሚባል የተባይ መድኃኒት መርፌ በግምት የሚወጉም አይጠፉም፣ የከብቱ መጠን ለውሻ በጣም ብዙ ነው፣ እነ ኮሊ ዓይነት ዝርያዎችን ደሞ ትንሹም ሊገድላቸው ይችላል። ፐርሜትሪን የሚባል የተባይ ማጥፊያ ያለበት የውሻ መድኃኒት ድመት ላይ ከተቀባ ድመቷን ይገድላል፣ ይሄን ድመትም ውሻም ያለው ቤት ሁሉ ማወቅ አለበት።

ታዲያ ምን ይሻላል ለሚል፣ እኔ ቤት የሰራውን ልንገራችሁ። ውሻው የሚተኛበትን ቦታ አንድ አድርጌ ወሰንኩ፣ ጆንያውን በየሳምንቱ በፈላ ውሃ አጥቤ ፀሐይ ላይ አሰጣለሁ፣ ወለሉን ጥግ ጥጉን ሳይቀር እየጠረግኩ ጥራጊውን አቃጥላለሁ፣ የግድግዳውን ስንጥቅ መረግኩት። በዛው ቀን ደሞ ግቢ ውስጥ ያሉት ውሾች ሁሉ በኪሎአቸው ልክ የሚሰጠውን መድኃኒት ከሐኪም አገኙ፣ አንዱን አክሞ ሌላውን መተው ዋጋ የለውም። በድር ተጠቅልላ የተደበቀችውን መድኃኒቱ ስለማያገኛት ለተወሰኑ ሳምንታት አዳዲስ ቁንጫ ብቅ ማለቱ አይቀርም፣ ብዙ ሰው መድኃኒቱ አይሰራም ብሎ የሚያቆመው እዚህ ጋ ነው። መዥገር ሲገኝ በወረንጦ ቆዳው ሥር ይዞ ቀጥ አድርጎ መሳብ እንጂ በክብሪት ማቃጠል ወይ በጥፍር መጨፍለቅ አይደለም፣ ውስጡ በሽታ ሊኖር ይችላል፣ ኤርሊኪዮሲስ የሚባለውን ውሻን የሚያደማና የሚያከሳ በሽታ የሚያስተላልፈው እሱ ነው።

ቁንጫ መኖሩን ካልተማመናችሁ ፀጉሩ ሥር ያለውን ጥቁር ነጠብጣብ እርጥብ ነጭ ወረቀት ላይ አራግፉት፣ ከቀላ ደም ነው፣ ማለት የቁንጫ ኩስ ነው። ቡችላ ካላችሁ ደሞ ድዱን እዩ፣ ከነጣ ደሙ እየተመጠጠ ነውና ነገ አትበሉ። እከክ ያለበት ውሻም ልጆችን ለተወሰነ ጊዜ ሊያሳክካቸው ይችላል።

ስለ ሙጃሌ ሳልናገር ግን አላልፍም። ሙጃሌ ራሷ የቁንጫ ዓይነት ናት፣ ሲጀመር አንድ ሚሊሜትር እንኳ አትሞላም፣ ሴቷ ቆዳ ውስጥ ገብታ እንደ አተር ታብጣለች። የልጆቻችንን እግር ጣት በመርፌ እየቆፈርን እዛው በር ላይ የተኛው ውሻ መዳፉ በሙጃሌ ተሞልቶ ሲያነክስ ዞር ብለን አናየውም፣ የሱ መዳፍ የሚረጨው እንቁላል ግን አፈሩ ላይ ወድቆ ተመልሶ ልጆቹን ነው የሚጠብቀው። መርፌውም ከአንዱ እግር ወደ ሌላው ሳይቀቀል ሲዞር ሌላ በሽታ ያዞራል።

እንግዲህ ለአዘጋጆቹ ያለኝ ጥያቄ፣ በሚቀጥለው ስለ ቤት ንጽህና ስትጽፉ አንድ የእንስሳት ሐኪም አናግሩ፣ በተለይ የሰብል ኬሚካልን ነገር ጉልህ አድርጋችሁ አትሙልን። ያ አንባቢ ደሞ ውሻውን ገና አላባረረው ከሆነ መጀመሪያ ወለሉን ይጥረግ።

የዘወትር አንባቢያችሁ