የቬገስን ነርቭ ስለማበርታትና ስለ አስተናግር

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

ከሃርት አታክ በኋላ ልብን የሚያረጋጋውን የቬገስ ነርቭ በመድኃኒት ማበርታት ይቻላል የሚለው ሐሳብ ወደ አንባቢያን እየደረሰ ስለሆነ፣ በጎጃም በፋርማሲ ሙያ የማገለግል እንደመሆኔ መጠን የሚያሳስበኝን ለመጻፍ ተገድጃለሁ።

ሐሳቡ መሠረት የሌለው አይደለም። ቬገስ ከአንጎል ግርጌ ተነሥቶ በአንገት በኩል ወደ ልብ የሚወርድ ነርቭ ሲሆን፣ አሴቲልኮሊን የተባለ ንጥረ ነገር እያመነጨ የልብን ምት ያዘገያል። ከሃርት አታክ በኋላ ይህ ነርቭ ይዳከምና ልብን የሚያጣድፈው የነርቭ ወገን ይበረታል፤ በምትና በምት መካከል ያለው ጊዜም መለዋወጡን ይቀንሳል። እ.ኤ.አ. በ1987 በታተመ ጥናት ከ808 ሕሙማን መካከል ይህ ልዩነት ከ50 ሚሊ ሰከንድ በታች የሆነባቸው ሰዎች፣ ከ100 በላይ ከነበራቸው ይልቅ ለሞት የመጋለጥ ዕድላቸው ከአምስት እጥፍ በላይ ሆኖ ተገኝቷል።

እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ተመራማሪዎች ስኮፖላሚን የተባለውን መድኃኒት በጥቂቱ በቆዳ ላይ በሚለጠፍ መልክ ሲሰጡ ልዩነቱ ከፍ አለ። ነገሩ እኛን በቅርብ የሚነካው እዚህ ላይ ነው። ስኮፖላሚን በየአጥሩ ሥርና በየጉድፍ መጣያው የሚበቅለው፣ እሾሃማ ፍሬ ያለው አስተናግር ውስጥ ይገኛል። በጥቂቱ ቬገስን የሚያነቃቃው ይኸው ንጥረ ነገር መጠኑ ሲያልፍ ነርቩን ይዘጋዋል፤ ልብ ይጣደፋል፣ አፍ ይደርቃል፣ ሰውም ይቃዣል። በአንድ ፍሬ ውስጥ ያለው መጠን ደግሞ ከሌላው ስለሚለያይ ቅጠሉም ሆነ ዘሩ በቤት ውስጥ ተለክቶ የሚወሰድ አይደለም። ልቡ የተጎዳ ሰው ፈጽሞ ሊሞክረው አይገባም።

በሐኪም ቤት ተለክቶ ቢሰጥስ ለሚል፣ እ.ኤ.አ. በ1995 የታተመው ጥናት መልስ አለው፤ ከሃርት አታክ ባገገሙ ውሾች ላይ ስኮፖላሚን የቬገስን ምልክቶች ከፍ ቢያደርግም ከገዳዩ የልብ ምት መዛባት አላዳናቸውም። ከዚያ ቀደም ብሎ፣ እ.ኤ.አ. በ1989፣ የተዛባ ምትን በሚገባ ያጠፉ የነበሩት ኢንካይናይድና ፍሌካይናይድ የተባሉ መድኃኒቶች ከሃርት አታክ የተረፉ ሰዎችን ሞት እንደጨመሩ ታውቋል። በመሣሪያ የሚታይ ቁጥር መሻሻሉ ብቻውን ሰው ድኗል አያሰኝም።

የሰውን ሕይወት በተግባር ያተረፉት ልብን የሚያጣድፈውን ወገን የሚገቱት ቤታ ብሎከር የተባሉ መድኃኒቶች ናቸው። 3,837 ሕሙማን በተሳተፉበት የአሜሪካ ጥናት ሞት ከ9.8 በመቶ ወደ 7.2 በመቶ የቀነሰው ከእነዚሁ አንዱ በሆነው በፕሮፕራኖሎል ነው። እርግጥ የተዘጋው የደም ሥር ወዲያው በሚከፈትባቸው አገሮች፣ ልባቸው ላልደከመ ሕሙማን ያለው ጥቅም አሁን አከራካሪ ሆኗል፤ ይሁንና ታማሚው ዘግይቶ ለሚደርስበት ለእኛ አካባቢ ክርክሩ ገና ነው።

መድኃኒት ሊወስዱ የመጡ አንድ አባት ከቤታ ብሎከሮች አንዱ የሆነውን አቴኖሎላቸውን ማቆማቸውን ሲነግሩኝ፣ «ደኅና ሆንሁ እኮ፤ ደግሞ ልቤን ዝግ አደረገብኝ» አሉኝ። ዝግ ማለቱ ሥራው መሆኑን፣ ግን ራስ ካዞራቸው ወይም ካደከማቸው ለሐኪማቸው መናገር እንዳለባቸው ገለጥሁላቸው። ቤታ ብሎከርን በድንገት ማቋረጥ ሌላ ሃርት አታክ ሊጠራ ይችላል፤ ይህን የሚያውቅ ሕመምተኛ ግን ጥቂት ነው።

ስለዚህ የጋዜጣው የጤና ዓምድ እንዲህ ያለ ግኝት ሲያቀርብ፣ የተለካው የምቱ ልዩነት ነው ወይስ የሞቱ ሰዎች ቁጥር የሚለውን፣ ጥናቱም በእንስሳ ነው ወይስ በሰው የሚለውን በመጀመሪያው አንቀጽ እንዲያስቀምጥልን በአክብሮት እጠይቃለሁ።

አንድ የፋርማሲ ባለሙያ
ከደብረ ማርቆስ