የሳይንስ ክበብ ዘገባ፦ ከአናናስ እስከ አቼቶ

የችግኝ ተከላውም ሆነ የጥያቄና መልስ ውድድሩ እንደወትሮው ተካሂዷል፤ ስለነሱ ብዙ የምለው የለኝም። ዘንድሮ የክበባችንን አባላት ከትምህርት ሰዓት በኋላ ሳይቀር ያሰነበታቸው በቤተ ሙከራው ጥግ የተደረደሩት ጠርሙሶች ናቸው።

ሐሳቡ የ11ኛ ክፍል ልጆች ነው፦ «ከፍራፍሬ ወይን ጠጅ እንሥራ» አሉ። ርዕሰ መምህሯ ሲሰሙ ፊታቸው ተለዋወጠ። አይፈረድባቸውም፤ አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ዕድሜው 21 ላልሞላው ሰው አልኮል መሸጥን ይከለክላል። በመጨረሻ የፈቀዱልን ማንም ጠብታ ሳይቀምስ፣ የተሠራው ሁሉ አቼቶ እንዲሆን ነው። እኔ በበኩሌ ይህን ቅድመ ሁኔታ ወድጄዋለሁ፤ ከወይን ጠጁ ይልቅ አቼቶው ብዙ ያስተምራልና።

ከቱሉ ዲምቱ ጉሊት በደንብ የበሰለ አናናስና ማንጎ ተገዝቶ ተላጠ፣ ተፈጨ፤ ፈልቶ በቀዘቀዘ የስኳር ውሃ ተበጥብጦ የዳቦ እርሾ ገባበት። በሃይላንዱ አፍ ላይ ፊኛ ታሰረ። የኅዳር ብርድ እርሾውን ስላሰነፈው ልጆቹ ጠርሙሶቹን በአሮጌ ጋቢ ጠቀለሏቸው፤ ያኔ ፊኛዎቹ መነፋት ጀመሩ። ጋዙን በቀጭን ቱቦ በጠለለ የኖራ ውሃ ውስጥ ስናሳልፈው ውሃው እንደ ወተት ነጣ፤ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ለመሆኑ ከዚህ በላይ ምስክር አያስፈልግም። ሌላ ቡድን ፊኛ የሌለበትን ጠርሙስ በየጊዜው እየመዘነ ክብደቱ መቀነሱን አየ። 100 ግራም የወይን ስኳር (ግሉኮስ) ሙሉ በሙሉ ሲብላላ 51 ግራም ያህሉ አልኮል፣ 49 ግራም ያህሉ ጋዝ ይሆናል፤ ቀመሩን ሰሌዳ ላይ የጻፍኩት ሚዛኑ ከተናገረ በኋላ ነው።

የዓመቱ ምርጥ ክርክር የተነሳው ከዚህ ነው። እርሾውን ቀቅለው የጨመሩት ጠርሙስ ዝም ስላለ «እርሾው ሕያው ካልሆነ አይሠራም» ብለው ደመደሙ። ፈረንሳዊው ሳይንቲስት ሉዊ ፓስተርም በ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ መብላላትን የሕያው እርሾ ሥራ አድርጎ አስረድቶ ነበር። ጀርመናዊው ኬሚስት ቡክነር ግን እ.ኤ.አ. በ1897 እርሾን በአሸዋ ፈጭቶ ያወጣው፣ አንድም ሕያው ሴል የሌለበት ጭማቂ ስኳርን እንደሚያብላላ አሳየ። ሥራው የኢንዛይም፣ ማለትም በሴል ውስጥ ተሠርቶ ኬሚካላዊ ለውጥን የሚያፋጥን ፕሮቲን ነው፤ መቀቀሉ ኢንዛይሙንም ያበላሸዋል። ልጆቹ ግን አንድ ቀን ሙሉ አላመኑኝም።

እናቷ ጠላ የምትሸጥ አንዲት ተማሪ «እማዬ ጋኑን የምትመርገው እንዳይኮመጥጥ ነው» ስትል ለቀጣዩ ሥራ መንገዱን ጠቆመችን። አልኮልን ወደ አሴቲክ አሲድ የሚለውጠው ባክቴሪያ ኦክስጅን ይፈልጋል፤ እኛ የእናቷን ተቃራኒ ማድረግ ነበረብን። ግማሹን አፈ ሰፊ ማሰሮ ውስጥ ገልብጠን በስስ ጨርቅ ሸፈንነው፤ ግማሹን ጠርሙስ ሙሉ ሞልተን ከደንነው። መጋቢት ላይ በማሰሮው ላይ ስስ ቆዳ መሰል ነገር ተጋግሮ፣ ሽታው አፍንጫ ይወጋ ነበር። የተከደነው ግን ያው የወይን ጠጅ ሽታውን እንደያዘ ነበር፤ ፈቃዳችን እስከዚያ ድረስ ስላልሆነ እሱም ማሰሮ ውስጥ ተገለበጠ። የአሲዱን መጠን በሶዲየም ሃይድሮክሳይድና ቀለሙን በሚቀይረው ጠቋሚ በፊኖልፍታሊን ስንለካው አቼቷችን ከሱቁ የሳሳ ሆነ። ለሰላጣ አላዋልነውም፤ ኖራ የያዛቸው ብልቃጦች ግን በሱ ጠርተዋል።

ለመጪው ዓመት የጎደለን ሃይድሮሜትር (የፈሳሽ እፍጋት መለኪያ) ነው። ሳይጠቀምበት ቤቱ ያስቀመጠው ወላጅ ካለ ክበቡ ለመዋስ ዝግጁ ነው።