ወገብ ያመመው ሁሉ ብርድ መታው?

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

በጤና ዓምዳችሁ ስለ ስኳርና ስለ ደም ግፊት ደጋግማችሁ ትጽፋላችሁ። ጥሩ ነው። ስለ ወገብና መገጣጠሚያ ሕመም ግን እምብዛም አላነበብኩም። እኛ ሰፈር ደግሞ ከዚህ በላይ የሚወራ ሕመም የለም። ወገቡን ያመመው ሰው መልሱ ምን ጊዜም አፉ ላይ ነው፤ ብርድ ነው። ብርድ ካልሆነ ኩላሊት፣ ኩላሊት ካልሆነ ነርቭ።

ጎረቤቴ እንጀራ ጋግራ ትሸጣለች። ሌሊት አሥር ሰዓት ተነስታ፣ ዝቅ ያለች ዱካ ላይ ተቀምጣ፣ ምጣዱ ላይ ስታጎነብስ ታረፍዳለች። ውሃ የጠፋ ቀን ባለ 20 ሊትር ጀሪካን በጀርባዋ አዝላ ዳገቱን ትወጣለች። 20 ኪሎ ማለት ነው። ማታ ወገቧን በመቀነት ጥፍር አድርጋ አስራ "ብርዱ ገባብኝ" ትላለች። የሰፈሩ ሰውም "በይ ተሸፋፍነሽ ተኚ" ይላታል። ስለ ጀሪካኑ የሚናገር የለም።

አንድ ቀን መድኃኒት ቤት አብሬያት ሄድኩ። "የብርድ መድኃኒት ስጠኝ" አለችው፤ ልጁም ዲክሎፌናክ የሚባል የሕመም ማስታገሻ ቆጥሮ ሰጣት። ግፊት አለብሽ ወይ? ጨጓራሽንስ? ሌላ የምትወስጂው መድኃኒት አለ? አንዱንም አልጠየቀም። እሷ ግፊት አለባት! ዲክሎፌናክ በሐኪም ምክር ለጥቂት ቀን ሲወሰድ ያስታግሳል፣ ይሄን አልክድም። ለወራት በራስ ሲዋጥ ግን ጨጓራን አቁስሎ ሊያደማ፣ ግፊትን ከፍ ሊያደርግ፣ ኩላሊትንም ሊጎዳ ይችላል። ኩላሊቴ ነው ብሎ የተጨነቀ ሰው ኩላሊቱን የሚጎዳ ክኒን ሲውጥ ማየት በጣም ያንገበግበኛል።

ብርድ ምንም አያደርግም እያልኩ አይደለም። ብርድ ሲሆን ጡንቻ ይጨማደዳል፣ የነበረው ሕመም ይብሳል። ፍል ውሃ ገብቶ የወጣ ሰው ቀለል ቢለው እውነቱን ነው። ግን ነገሩን በብርድ ብቻ ከዘጋነው ሸክሙም አቀማመጡም እንደነበረ ይቀጥላል።

ተሸፋፍኖ ተኝቶ መክረሙም አያድንም፤ ጡንቻው ይደክማል፣ ወገቡ ይብስ ይደርቃል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በ2020 እ.ኤ.አ. በዓለም ላይ 619 ሚሊዮን ሰው የታችኛው ወገብ ሕመም ነበረበት። ድርጅቱ በ2023 መጨረሻ ባወጣው መመሪያ ለቆየ የወገብ ሕመም የሚመክረው እንቅስቃሴንና ስለ ሕመሙ በቂ ትምህርት ማግኘትን ነው። የወገብ ቀበቶን እንደ ዘወትር ሕክምና አይመክርም።

የወገባቸውን ውስጥ በሚያሳየው ምርመራ፣ በኤምአርአይ፣ የተነሱት ደግሞ "ዲስክህ (በአከርካሪ አጥንቶች መካከል ያለው ትራስ መሰል ነገር) ተንሸራቷል" ሲባሉ ያለቀላቸው ይመስላቸዋል፤ ሥራ ያቆማሉ፣ ልጃቸውን ማንሳት ይፈራሉ። ምንም የማያማቸው የ50 ዓመት ሰዎች ቢነሱም እኮ አብዛኞቹ ላይ ያረጀ ወይም ወጣ ያለ ዲስክ ይታያል። ምስሉን የሚያነብ ሐኪም ይህንንም አብሮ ቢነግራቸው ምን ነበረበት?

ወጌሻን በተመለከተ፣ ሰው ወደ እሱ የሚሄደው ቅርብና ርካሽ ስለሆነ ነው፤ አልፈርድበትም። የተሰበረ እጅ ወይም እግር በቀርከሃ ጠብቆ ሲታሰር ግን ደም አይደርሰውም። ጣቶቹ ከቀዘቀዙ፣ ከደነዘዙ ወይም ከጠቆሩ እስኪነጋ መጠበቅ አይገባም፤ ወዲያው ፈትቶ ሆስፒታል መሮጥ ነው። በዚህ ምክንያት እጃቸው የተቆረጠ ሕፃናት አሉ።

ብርድ ነው ተብለው መታለፍ የሌለባቸው ምልክቶችም አሉ። ወገብ ከማመሙ ጋር ትኩሳት፣ የሌሊት ላብና መክሳት ካለ የአከርካሪ ቲቢ ሊሆን ይችላል። እግር ከዛለ፣ ሽንት ካመለጠ ወይም እምቢ ካለ ደግሞ በዚያው ቀን ሐኪም ማየት አለበት። በስምጥ ሸለቆ፣ ለምሳሌ ወንጂ አካባቢ፣ ለዓመታት ፍሎራይድ የበዛበት ውሃ የጠጡ ሰዎች ጥርሳቸው ብቻ ሳይሆን አከርካሪያቸውም ተጎድቷል፤ አንገትና ወገብ ማጠፍ ያቃታቸው አሉ። ለእነሱ ብርድ ልብስ ምን ይሠራል?

እባካችሁ ዓምዱን ለተወሰነ ጊዜ ለፊዚዮቴራፒ ባለሙያዎች ስጧቸው። ጀሪካን እንዴት እንደሚነሳ፣ ምጣድ እንዴት ከፍ እንደሚደረግ፣ ወገቡን ያመመው ሰው ቤቱ ውስጥ ምን መሥራት እንደሚችል በሥዕል ያሳዩን። የመድኃኒት ባለሙያዎችም ዲክሎፌናክ ከመስጠታቸው በፊት ስለ ግፊት፣ ስለ ጨጓራና ስለ ኩላሊት ይጠይቁ፤ ሁለት ደቂቃ አይፈጅም።

ከአክብሮት ጋር፣
አንባቢያችሁ፣ ከጉለሌ